የ19ኛው መቶ ዓመት ስሜት ቀስቃሽ ልብ ወለድ እንዴት ይጠና?

መምህሩ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞር ባለ ቁጥር ከዴስክ ሥር ብቅ የሚል መጽሐፍ በየክፍሉ አይጠፋም። ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑ የተላጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የከረመ ነው። እኛ መምህራንም መጽሐፉን ነጥቀን በመሳቢያችን እንቆልፍበታለን። አንዳንዶቻችን ማታ ቤታችን ወስደን እንጨርሰዋለን፤ ይህን ግን ለተማሪዎቻችን አንነግራቸውም። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ጊዜ ከማባከን በቀር ምን ይረባል የሚለው ጥያቄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከ160 ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር ጳጳሱን ከመስበኪያው፣ ሃያሲውንም ከጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ያስቆጣ ጥያቄ ነበር። ቁጣውን የቀሰቀሰው እንግሊዞች «ሴንሴሽን ኖቭል» ያሉት፣ እኛ ደግሞ በዚህ ጽሑፍ «ስሜት ቀስቃሽ ልብ ወለድ» የምንለው የድርሰት ዓይነት ነው።

ይህ የድርሰት ዓይነት በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ለረዥም ጊዜ ከበር ውጭ ቆሞ የቆየ ነው። ዛሬ ግን በየዩኒቨርሲቲው ይጠናል። እኛም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊጠና ይችላል ብለን እናምናለን፤ ይኸውም አንድ ነገር ከታሰበበት ነው። ተማሪው «ምስጢሩ ምንድን ነው?» ብሎ ወደ መጨረሻው ገጽ ከመሮጥ ይልቅ «ይህ ምስጢር እንዲኖር ያደረገው የትኛው ሕግ ነው?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ። ምን ማለታችን እንደሆነ ከመጽሐፎቹ ውስጥ እናሳያለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንግሊዛዊ አንባቢን የሚያስፈራው ልብ ወለድ ታሪኩ በሩቅ አገር የሚፈጸም ነበር። የፈረሰ ግንብ፣ የጣልያን ተራራ፣ በሌሊት የሚንቀሳቀስ መንፈስ፣ ክፉ መነኩሴ ያስፈልገው ነበር። አንባቢውም መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ይተኛል። የ1860ዎቹ ደራስያን ይህን እፎይታ ነፈጉት። ወንጀሉን ከግንቡ አውጥተው ምንጣፍ በተነጠፈበት፣ ሻይ በሚቀዳበት ሳሎን ውስጥ አስቀመጡት። ባቡር፣ ቴሌግራም፣ የጋብቻ መዝገብ፣ የሞት ምስክር ወረቀት የታሪኩ መሣሪያዎች ሆኑ። ወንጀለኛዋም ጸጉረ ወርቃማዋ፣ ለድሆች የምታዝነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚወዳት ወይዘሮ ልትሆን ትችላለች።

ይህ ለምን በዚያን ጊዜ ሆነ? አንደኛው ምክንያት የወረቀት ነገር ነው። በጋዜጣ ላይ ይከፈል የነበረው የቴምብር ቀረጥ በ1855፣ የወረቀት ቀረጥ ደግሞ በ1861 ተነሣ። የኅትመት ወጪ ስለ ቀነሰ ሳምንታዊና ወርኃዊ መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። አንድ ባለ ሦስት ጥራዝ ልብ ወለድ 31 ሺሊንግ ተኩል ያወጣ ነበርና ከቀን ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ይበልጥ ነበር፤ ቻርልስ ዲክንስ ያዘጋጀው የነበረው «ኦል ዘ ይር ራውንድ» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ግን በሁለት ፔኒ ይሸጥ ነበር። አቅም ያለው ሰው ደግሞ በዓመት አንድ ጊኒ ማለት 21 ሺሊንግ ከፍሎ ከሙዲ መጽሐፍ አከራይ ቤት አንዱን ጥራዝ እየመለሰ ሌላውን ይወስዳል። በየባቡር ጣቢያውም የመጽሐፍ መሸጫ ተከፍቷል። መጽሔት የሚኖረው አንባቢው በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሶ ሲገዛ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩ በየሳምንቱ ልብ በሚሰቀልበት ቦታ ላይ እየተቆረጠ ይወጣ ነበር። ልብ ሰቀላ የምንለው የአጻጻፍ ስልት ከደራሲው ጠባይ ብቻ የመጣ ሳይሆን ከገበያውም የመጣ መሆኑን ተማሪው ቢረዳ መልካም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርድ ቤት ነው። በ1857 በወጣው ሕግ መሠረት የፍቺ ችሎት በጥር 1858 ሥራውን ጀመረ። ከዚያ በፊት ሙሉ ፍቺ ለማግኘት ፓርላማው ለባልና ሚስቱ ብቻ የሚሆን ልዩ ሕግ ማውጣት ነበረበት። ችሎቱ ሲከፈት የከበሩ ቤቶች ገመና በየማለዳው በጋዜጣ ታትሞ ከቁርስ ጋር ይቀርብ ጀመር። በዚሁ በ1857 ማድሊን ስሚዝ የተባለች የግላስጎው ከተማ የሀብታም ልጅ ፍቅረኛዋን በአርሰኒክ መርዝ ገድላለች ተብላ ተከሰሰች፤ የስኮትላንድ ችሎትም «አልተረጋገጠም» ብሎ ለቀቃት። በ1860 ደግሞ ሮድ በተባለው መንደር አንድ ሕፃን ከአልጋው ተወስዶ ተገድሎ ሲገኝ፣ ከሎንዶን የተላከው መርማሪ ፖሊስ ጆናታን ዊቸር የሟቹን ታላቅ እኅት፣ የ16 ዓመቷን ኮንስታንስ ኬንትን ያዘ። እንዴት ተራ ፖሊስ የጨዋን ልጅ ይጠረጥራል ተብሎ ጋዜጦች ተረባረቡበት። ልጅቷ በ1865 ወንጀሉን ራስዋ ስታምን ዊቸር ከሥራው ከወጣ አንድ ዓመት አልፎት ነበር።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንግባ። የመጀመሪያው የዊልኪ ኮሊንስ «ነጭ ለባሿ ሴት» ነው። ከኅዳር 1859 እስከ ነሐሴ 1860 በዲክንስ መጽሔት ላይ በ40 ክፍል ወጣ። ዋነኛው ተራኪ ዋልተር ሃርትራይት እንደኛው መምህር ነው፤ የሥዕል መምህር። በእኩለ ሌሊት ወደ ሎንዶን በእግሩ ሲሄድ አንዲት ከእግር እስከ ራስዋ ነጭ የለበሰች ሴት ከኋላው ትከሻውን ትነካዋለች። ከእብዶች ቤት ያመለጠች ናት። ኋላም ዋልተር ለማስተማር በተቀጠረበት ቤት ያለችው ሎራ ፌርሊ የተባለች ወጣት ከዚህች ሴት ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት ሆና ይመለከታታል።

ሎራ 20 ሺህ ፓውንድ አላት። የሚያገባት ሰር ፐርሲቫል ግላይድ በዕዳ የተዘፈቀ ሰው ነው። የጋብቻው ውል ሲጻፍ፣ ሎራ ልጅ ሳትወልድ ብትሞት ገንዘቧ ለባልዋ እንዲሆን ባልየው ይጠይቃል። የቤተሰቡ ጠበቃ ይህ ውል ለእርስዋ አደገኛ መሆኑን አይቶ ይቃወማል፤ ሆኖም ፊርማው የአጎትዋ ነው። አጎትዋ ደግሞ «ነርቬ ታመመ» እያለ ክፍሉን ዘግቶ የሚኖር፣ ክርክር የሚያደክመው ሰው ነውና እንዳታስቸግሩኝ ብሎ ይፈርማል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ ያመጣው የዚህ ሰው ስንፍና ነው ብንል አልተሳሳትንም። ባልየው ከተንኮለኛው ከካውንት ፎስኮ ጋር ተመካክሮ ሁለቱን ሴቶች ይለዋውጣል። ነጭ ለባሿ በሎራ ስም ትሞትና በሎራ ስም ትቀበራለች፤ ሎራም በነጭ ለባሿ ስም እብዶች ቤት ትገባለች። ሎራ ነኝ ብላ ብትጮኽ፣ ጩኸቷ ራሱ የእብደትዋ ማስረጃ ይሆናል።

እዚህ ላይ ተማሪውን ቆም አድርገን እንጠይቀው። ይህ ሁሉ ደራሲው የፈጠረው ቅዠት ነው ወይስ ሊሆን የሚችል ነገር ነበር? በዚያን ጊዜ በነበረው የእንግሊዝ ሕግ ሴት ስታገባ ሕጋዊ ሰውነትዋ በባልዋ ውስጥ ይጠቃለል ነበር። ጥሬ ገንዘቧና ደመወዟ የእርሱ ነው፤ በልዩ ውል ካልታሰረ በቀር። ያገባች ሴት የሠራችበትን ገንዘብ የራስዋ ማድረግ የቻለችው በ1870 በወጣው ሕግ ሲሆን፣ ሀብትዋን በሙሉ የያዘችው በ1882 ነው። አንድን ሰው በግል የእብዶች ቤት ለማስገባት ደግሞ የዘመድ ፊርማና የሁለት ሐኪሞች ወረቀት ይበቃ ነበር፤ ዳኛ እንዲያይ የታዘዘው በ1890 ነው። ስለዚህ የሰር ፐርሲቫል ወንጀል ከሕጉ ብዙም አልራቀም። ሕጉ ከፍቶ በተወው በር ገባ እንጂ ግድግዳ አልቆረቆረም።

የአጻጻፉ ነገርም ትልቅ ትምህርት አለው። ኮሊንስ የጥብቅና ትምህርት ተምሮ ነበርና ታሪኩን እንደ ችሎት አቀረበው። እያንዳንዱ ምስክር ያየውን ብቻ ይናገራል፤ መምህሩ፣ ጠበቃው፣ ማንበብ የማትችለዋ ወጥ ቤት፣ የመቃብሩ ድንጋይ ሳይቀር ተራውን ይጠብቃል። ደፋሯ የሎራ እኅት ማሪያን በማስታወሻ ደብተርዋ ስትጽፍ ትቆይና በመካከል ትታመማለች። ገጹን ስንገልጥ የምናገኘው የእርስዋን ጽሑፍ ሳይሆን የፎስኮን ነው፤ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ አድናቆቱን ጽፎበት ሄዷል። አንባቢው የሚደነግጠው ለማሪያን ብቻ አይደለም። የሰው ምስጢር ሲያነብ የቆየው እርሱም ነውና።

አንድ የማንዘለው ነገር አለ። የሎራ ማንነት የሚረጋገጠው በቀን ነው፤ «ሎራ ሞተች» የሚለው ወረቀት በተጻፈበት ቀን እርስዋ ገና ከቤትዋ ወደ ሎንዶን አልተነሣችም ነበር። መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን የ«ታይምስ» ጋዜጣ ሃያሲ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ቀኖች አንድ በአንድ ቆጠረና፣ ሎራ ከተባለው ቀን ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይታ ካልሆነ በቀር ልትነሣ እንደማትችል አሳየ። ያ ማለት ጠቅላላው ማስረጃ ፈረሰ ማለት ነው። ኮሊንስ ጥፋቱን አምኖ በሚቀጥለው እትም ቀኖቹን አስተካከለ። ተማሪዎቻችን እርሳስና ወረቀት ይዘው የአንድን ልብ ወለድ ቀኖች እንዲቆጥሩ ብናደርግ፣ ከዚህ ሃያሲ የተማሩት ትክክለኛ የንባብ ሥራ ይሆናል።

ሁለተኛው የሜሪ ኤልሳቤጥ ብራደን «የሌዲ ኦድሊ ምስጢር» ነው። በ1861 በአንድ መጽሔት ላይ መውጣት ጀመረ፤ መጽሔቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ። ታሪኩ ግን በሌላ መጽሔት ቀጥሎ በ1862 በሦስት ጥራዝ ታተመ። አሳታሚው ቲንስሊ ከትርፉ ቤት ሠርቶ «ኦድሊ ሎጅ» ብሎ ሰየመው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ጆርጅ ቶልቦይስ የተባለ ሰው ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ጥሎ ወርቅ ፍለጋ አውስትራሊያ ይሄዳል፤ ከሦስት ዓመት በላይ አንድ ደብዳቤ እንኳ አይጽፍም። ሚስቱ ስምዋን ለውጣ የቤት አስተማሪ ትሆናለች፤ ኋላም ባለጠጋ ሽማግሌ አግብታ ሌዲ ኦድሊ ትባላለች። የቀድሞው ባል ሲመለስ ከጉድጓድ ውኃ ውስጥ ትገፈትረዋለች። የሽማግሌው የወንድም ልጅ ሮበርት ኦድሊ ነገሩን ይደርስበታል። እርስዋም ስትያዝ «ምስጢሬ እብደት ነው፤ ከእናቴ የወረስሁት» ትላለች።

ብዙ አንባቢ መጽሐፉን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። ጥሩ ተማሪ ግን ሐኪሙ የሚመጣበትን ምዕራፍ ደግሞ ያነብባል። ሐኪሙ ታሪኳን ሰምቶ መጀመሪያ ያለው፣ ይህች ሴት እብድ አይደለችም ነው። ድኽነትን ሸሸች፣ የተሻለ ኑሮ ፈለገች፣ ይህንም በብልኀት አደረገች፤ በዚህ ውስጥ እብደት የለም። ጆርጅ ሳይሞት እንዳልቀረ ሲነገረው ግን፣ በኋላም ሴትዮዋን ለጥቂት ደቂቃ ሲያነጋግራት፣ አደገኛ ናት ይላል። የቤተሰቡ ስም በችሎት እንዳይነሣ ተብሎ ሌዲ ኦድሊ በቤልጅየም የእብዶች ቤት በሌላ ስም ተዘግቶባት እዚያው ትሞታለች። ለመሆኑ የተቀጣችው በእብደትዋ ነው፣ በወንጀልዋ ነው፣ ወይስ በብልኀትዋ? ደራሲዋ መልሱን አልጻፈችም። ጆርጅስ ሚስቱን ጥሎ በመሄዱ ማን ጠየቀው? በ1857ቱ ሕግ ባል ሚስቱ አመንዝራለች ብሎ ብቻ ይፈታል፤ ሚስት ግን ከምንዝር በላይ ጭካኔን ወይም ሁለት ዓመት ጥሎ መጥፋትን የመሰለ ተጨማሪ በደል ማስረዳት አለባት። ጥሎ መሄድ ብቻውን አያስፈታም ነበር።

ብራደን ይህን ጉዳይ ከሩቅ አላየችውም። በወጣትነትዋ እናትዋን ለመርዳት በሌላ ስም መድረክ ላይ ወጥታ ተዋናይ ነበረች። በኋላም ከአሳታሚው ከጆን ማክስዌል ጋር ስትኖር፣ የእርሱ ሕጋዊ ሚስት አእምሮዋ ታሞ በሐኪም ጥበቃ ሥር ነበረችና መጋባት አልቻሉም። የተጋቡት ሚስቲቱ ከሞተች በኋላ በ1874 ነው። እስከዚያ ድረስ ልጆች ወልዳ፣ የእንጀራ ልጆች አሳድጋ፣ በብዕርዋ ቤቱን ትደግፍ ነበር። በ1915 ስትሞት ከ80 በላይ ልብ ወለዶች ጽፋ ነበር።

ስለ ሦስተኛው፣ ስለ ሚስስ ሄንሪ ዉድ «ኢስት ሊን» ባጭሩ እንናገር። በ1861 የታተመው ይህ መጽሐፍ መጀመሪያ ቀርቦለት የነበረው አሳታሚ ድርጅት ደራሲው ጆርጅ ሜሪዲት በሰጠው ምክር የመለሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደ ታተመ ስናስብ ምክሩ ውድ ዋጋ አስከፍሏል። ሌዲ ኢዛቤል ባልዋንና ልጆችዋን ጥላ ከሌላ ወንድ ጋር ትኮበልላለች። በባቡር አደጋ መልክዋ ይበላሽና ሞታለች ተብሎ ይወራል። ባልዋ ሌላ ሲያገባ እርስዋ ዓይንዋን በሰማያዊ መነጽር ጋርዳ ወደ ገዛ ቤትዋ የልጆችዋ አስተማሪ ሆና ተቀጥራ ትገባለች። ልጅዋ ሲሞት እናትህ ነኝ ማለት አትችልም። ተራኪዋ በየምዕራፉ ሚስቶችን ትመክራለች፤ አንባቢው ግን ምክሩን ትቶ ለኃጢአተኛዋ ያለቅሳል። በኛ አስተያየት ከሦስቱ ደካማው ይህ ነው፤ ሆኖም ምክርና ዕንባ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ እንዴት እንደሚጣሉ ለማሳየት የተሻለ አናገኝም። ሰው ሁሉ ከ«ኢስት ሊን» ነው ብሎ የሚጠቅሰው ዝነኛ የሐዘን ቃል በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ የመጣው ከቴአትሩ ነው።

ሃያስያኑ ምን አሉ? ራስዋም ደራሲ የነበረችው ማርጋሬት ኦሊፋንት በ1862 በጻፈችው ጽሑፍ ያንን የሌሊት መንገድ ትዕይንት፣ ያለ ምንም መንፈስና ጋኔን በአንዲት እጅ ንክኪ ብቻ አንባቢን ያስደነገጠበትን ጥበብ አደነቀች። የፈራችው ኮሊንስን ሳይሆን ያለ እርሱ ችሎታ ኮሊንስን የሚከተሉትን ነበር። የኦክስፎርዱ ፈላስፋና ቄስ ሄንሪ ማንሰል ግን በ1863 «ኳርተርሊ ሪቪው» በተባለው መጽሔት 24 መጻሕፍት በአንድ ላይ ሰብስቦ ወቀጣቸው። እነዚህ መጻሕፍት የሚናገሩት ለአእምሮ ሳይሆን ለነርቭ ነው፤ ጥፋቱም የመጽሔቱ፣ የአከራይ ቤቱና የባቡር ጣቢያው ሱቅ ነው አለ። በ1864 የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ተነሥተው ሰበኩባቸው። ማንሰል ስለ ገበያው የተናገረው ትክክል ነው። ያልጠየቀው ነገር ቢኖር፣ የእነዚህ መጻሕፍት አንባቢ ስለ ራሱ ቤት ይህን ያህል የሚፈራው ለምን እንደሆነ ነው።

በአሜሪካም ነገሩ ከዚህ ብዙ አልራቀም። እስከ 1891 ድረስ አሜሪካ የውጭ አገር ደራስያንን የባለቤትነት መብት አታስከብርም ነበርና የእንግሊዞቹ መጻሕፍት ያለ ፈቃድ እየታተሙ በርካሽ ይሸጡ ነበር። የአገሩ ደራስያን ግን የራሳቸው ገበያ ነበራቸው። ከእነርሱ አንዷ ኤማ ሳውዝወርዝ በዋሺንግተን ከተማ መምህርት ነበረች። ባልዋ ከሁለት ልጆች ጋር ጥሏት ሲሄድ ደመወዙ አልበቃ አላትና ማታ ማታ መጻፍ ጀመረች። በ1859 በ«ኒው ዮርክ ሌጀር» ጋዜጣ ላይ የወጣው «ስውሩ እጅ» የተባለው ድርሰትዋ ባለታሪክ ካፒቶላ፣ ሴት ሆና ሥራ ስላጣች የወንድ ልብስ ለብሳ በኒው ዮርክ ጎዳና ጋዜጣ ስትሸጥ እናገኛታለን። ድርሰቱ እጅግ ከመወደዱ የተነሣ ጋዜጣው ሁለት ጊዜ ደግሞ አወጣው፤ በመጽሐፍ መልክ የታተመው ግን በ1888 ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የሉዊዛ ሜይ አልኮት ነገር ነው። አልኮት «ትንንሽ ሴቶች» በተባለው የልጆች መጽሐፍዋ የታወቀች ናት። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጆ የተባለችው ልጅ ለገንዘብ ብላ ስሜት ቀስቃሽ ታሪኮች ትጽፋለች፤ ደጉ ፕሮፌሰር እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለልጆች መርዝ መሆኑን ሲናገር ሰምታ አፍራ ታቃጥላቸዋለች። ደራሲዋ ግን አላቃጠለችም። በ1942 ሊዮና ሮስተንበርግ የተባለች የመጻሕፍት ተመራማሪ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቦስተን አሳታሚ ለአልኮት የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አገኘች። ከደብዳቤዎቹም አልኮት ኤ. ኤም. ባርናርድ በሚል የብዕር ስም ትጽፍ እንደነበረች ታወቀ። ሮስተንበርግ ግኝቷን በ1943 አሳተመች፤ ጓደኛዋ ማድሊን ስተርን ደግሞ በ1975 ታሪኮቹን ሰብስባ አወጣቻቸው። ለመቶ ዓመት ያህል የልጆች እናት ተብላ የኖረችው ደራሲ በድኽነት ቤተሰብዋን ስትረዳ የጻፈችው ይህን ነበር።

ለክፍላችን የምንመርጠውም ከእነዚህ አንዱን፣ በ1866 የወጣውን «ከጭምብል በስተጀርባ» የተባለውን ነው። «ነጭ ለባሿ ሴት» ከ600 ገጽ በላይ ስለሆነ ጥቂት ክፍሉን ብቻ ማስነበብ ይቻላል፤ ይህ ግን በዘጠኝ ምዕራፍ የሚያልቅ አጭር ታሪክ ነው። የባለቤትነት መብቱም ያለፈበት ስለሆነ ማባዛት አይከለከልም። አነባበቡ እንደ ቀድሞው አንባቢ ቢሆን ይሻላል፤ በሳምንት አንድ ምዕራፍ። በየምዕራፉ መጨረሻ ተማሪው በደብተሩ ሦስት ነገር ይጻፍ። እስካሁን ማን ምን ያውቃል? ማን ምን ይደብቃል? የሚደብቀውስ እውነቱ ቢታወቅ ምን ስለሚደርስበት ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ወደ ሕጉና ወደ ኑሮው የሚወስደን ነው፤ መምህሩ የ1857ን፣ የ1870ንና የ1882ን ሕጎች በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ጽፎ ቢተው ይረዳል።

ታሪኩ ዣን ሚዩር የተባለች የ19 ዓመት ዓይነ አፋር የቤት አስተማሪ በአንድ የእንግሊዝ መሳፍንት ቤት ስትቀጠር ይጀምራል። ፒያኖ ትጫወታለች፣ በድካም ራስዋን ስታ ትወድቃለች፣ ቤተሰቡ ይራራላታል። ማታ ክፍሏ ገብታ በሩን ትቆልፋለች። ከዚያም ሹሩባዋን ከራስዋ ላይ ታወርዳለች፣ የጉንጭዋን ቀለም ትጠርጋለች፣ ጥርሶችዋን ታወልቃለች፤ በመስተዋቱ ውስጥ የምትታየው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላት የተጎሳቆለች ሴት ናት። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፎቹን ሰብስበን ተማሪዎቹን እንጠይቃቸው፤ ይህች ሴት ከዚህ ቤት ምን ትፈልጋለች? ማግኘትስ ይገባታል? ሌዲ ኦድሊ የደረሰባት ይደርስባት ይሆን? ደወሉ እስኪደወል ይከራከሩ፤ መልሱን ግን አንንገራቸው።